ሽናቤል ጣቱን ሲስት

ፒያኒስቱ አርቱር ሽናቤል የተጫወታቸውን የቤትሆቨን ሶናታዎች (በክፍል የተከፈሉ የፒያኖ ሥራዎች) መጀመሪያ የሰማሁት ማታ፣ በስልኬ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ከሙዚቃው ቀድሞ የመጣው የሸክላው ድምፅ ነበር፤ የጋለ ምጣድ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ቸስስ እንደሚለው። ከዚያ "ሐመርክላቪር" የሚባለው 29ኛው ሶናታ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ጣቱን ሳተ። አንዴ ብቻ ቢሆን ጥሩ።

በዚህ የተነሳ ብዙ አዋቂዎች ለጀማሪ ሌላ ቅጂ ይመክራሉ። እኔ አልስማማም።

ሽናቤል 32ቱንም ሶናታዎች በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ነው። ከ1932 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ተመላልሷል። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት አልቀረጽም ብሎ እምቢ ያለ ሰው ነው። በመሃል፣ በ1933፣ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ፣ አይሁዳዊ ነበርና በርሊንን ጥሎ ወጣ።

ያኔ የተቀረጸውን ቆርጦ መገጣጠም የለም። የሚቀረጸው በሰም ላይ ነው፤ አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የ"ሐመርክላቪር" ሐዘንተኛ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ብቻውን ከሩብ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ሐዘኑ መሃል ላይ እጁን ያነሳል፣ ሌላ ሰም ይዘጋጃል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከተሳሳተ ወይ ገጹን ከነስህተቱ ያሳልፋል፣ ወይ እንደ አዲስ ይጫወታል። መጋጠሚያውን በጆሮዬ ፈልጌ አጣሁት።

የመጀመሪያው ክፍል ግን ሌላ ነው። ቤትሆቨን ራሱ የጻፈው ፍጥነት፣ በደቂቃ 138 ምት፣ ጣት ያቃጥላል። አብዛኛው ፒያኒስት ቀስ ያደርገዋል፤ የሚወቅሰውም የለም። ሽናቤል የተጻፈው ላይ ልድረስ ብሎ ሮጠ፤ ኖታዎቹም ተደራረቡ። አንዳንድ ቦታ ችኮላ እንጂ ጀግንነት አይደለም፣ አልክድም። ግን ሙዚቃው ለሰው እጅ እንደሚከብድ የገባኝ እሱን ስሰማ ነው። ዛሬ ቅጂ የሚሠራው ከብዙ ሙከራ ምርጥ ምርጡ እየተገጣጠመ ነው። ንጹሕ ነው፣ ላቡ ግን ተጠርጓል።

ጀማሪ ጓደኛ ካለኝ ከመጨረሻው ሶናታ፣ ከ32ኛው፣ ሁለተኛውን ክፍል አሰማዋለሁ። ወደ ማብቂያው ላይ ቀኝ እጅ ከላይኞቹ ቁልፎች ላይ ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ጋ የሸክላውን ቸስታ ከፒያኖው መለየት ያቅተኛል።