ምጣዱ በቀን ይጣድ

በፋሲካ ዋዜማ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ አምፖሉ መጀመሪያ ቀላ። እናቴ ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙራ አክንባሎውን አነሳች። ልትከድነው ስትል መብራቱ ድርግም አለ። ግማሹ ዓይን ያወጣ፣ ግማሹ ገና ሊጥ የሆነ እንጀራ ምጣዱ ላይ ቀረ። ወጥቼ ሳይ መንደሩ በሙሉ ጨልሟል። ትራንስፎርመሩ ነው ተባለ። በዓሉን በከሰልና በእንጨት ተወጣነው።

በዚያ ምሽት ሰው ሁሉ የተናደደው በመብራቱ ነው። እኔም ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። መካከሉን 3.5 እንበል። 10 ዋት የሚስቡ 350 አምፖሎችን በአንዴ እንደማብራት ማለት ነው። ሃያ ጎረቤት በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲሰካ ደግሞ 70 ኪሎ ዋት ይሆናል። ስቶቩ፣ ካውያው፣ ቴሌቪዥኑ ገና አልተቆጠሩም። ያቺ ምሰሶ ላይ የተሰቀለች ትራንስፎርመር ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ተሸከሚ ሲሏት ምን ታድርግ?

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። እንጀራችንን በቀን እንጋግር። በቀን መጋገር እንድንችል ደግሞ በቀን የሚረክስ ታሪፍ ይሰጠን።

ብዙ ሰው «ህዳሴ ተመርቆ ምን የኃይል እጥረት አለ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ በዚህ ውሃ ውስጥ ድርሻ አለን። ክረምት ከተማችን ላይ የሚወርደው ዝናብ በቀሃና በአንገረብ አድርጎ መገጭ ይገባል፤ ከመገጭ ጣና። ከጣና ከፊሉ በዋሻ ተስቦ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 460 ሜጋ ዋቱን የጣና በለስ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በበለስ ወንዝ ወርዶ ህዳሴ ሐይቅ ይገባና ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ጣሪያችን ላይ ሲንጣጣ ያደረው ዝናብ ሁለት ጊዜ መብራት ይሆናል።

ግን ግድብ ውስጥ ያለ ውሃና እቤት የሚደርስ ኃይል አንድ አይደሉም። መሃል ላይ መስመር አለ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር አለ። እነዚህ የሚጨናነቁት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያው መስመር እንደልቡ ያድራል። ውሃውም ቢሆን ከሰማይ የሚጠበቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ግልገል ጊቤ ሦስት ውሃው ሲቀንስ አገሩ ሁሉ ወደ መብራት ፈረቃ ገብቶ ነበር። ያኔ ሻማ ስንት እንደገባ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

እዚህ ላይ ነው ነፋስና ፀሐይ የሚገቡት። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ልክ ግድቡ ውሃ በማይሞላበት ወቅት። እንደ 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት ያሉ የነፋስ ጣቢያዎች የሚጠቅሙን ለዚህ ነው። ፀሐይ ደግሞ ቀትር ላይ ናት። በነፋስና በፀሐይ የተሠራው ኃይል ቀን ላይ ከተበላ ግድቡ ውሃውን ይዞ ለምሽት ያቆየዋል። ፀሐይ ለምሽት ምጣድ አትደርስም። ምጣዱ ግን ወደ ፀሐይ መሄድ ይችላል።

ፈረንሳዮች ይህን በውሃ ማሞቂያ ይሠሩታል። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ በሚረክስበት ሰዓት በሽቦው በሚላክ ምልክት ራሱ ይበራል፣ ሙቁን ውሃ ይዞ ይቆያል። ድሮ ርካሹ ሰዓት ሌሊት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ግን ለብዙ ቤቶች ከፊሉን ወደ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ጀምረዋል። ምክንያቱ የፀሐይ ኃይል መብዛቱ ነው። የኛ ማጠራቀሚያ ደግሞ መሶቡ ነው። እሑድ በ6 ሰዓት የተጋገረ እንጀራ እስከ ረቡዕ ይበላል። ባትሪ መግዛት አያስፈልግም።

እውነቱን ለመናገር እኛ ሰዓት ማስተካከል አዲሳችን አይደለም። ችግሩ የምናስተካክለው ተገደን መሆኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ውሎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲመጣ እናቶች ከእንቅልፍ ተነስተው ይጋግራሉ። ሊጡ ኮምጥጦ ይጠብቃቸዋል። የውሃ ፓምፑም ያኔ ይነሳል፣ ስልኩም ይሰካል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ስለሚስብ መብራቱ መልሶ ይጠፋል። ይህቺን አይተናታል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ምጣዱን ከሶኬቱ መንቀል፣ ሲመጣም አሥር ደቂቃ መታገሥ ለሰፈር ትልቅ ነገር ነው። ሮቶ ለመሙላትም ቢሆን፣ ውሃው ቀን ከመጣ ቀን መሙላት ይሻላል።

በዓል ሲደርስ ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች በዋዜማው ሥራ እንዲያቆሙ ይነገራቸዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ታሪፉ ብዙ የተጠቀመን የበለጠ ያስከፍላል እንጂ ሰዓት አይለይም። ቀትር ላይ የጋገረችውና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጋገረችው እኩል ይከፍላሉ። ታዲያ እናቴ ለምን ብላ ልማዷን ትቀይር?

ይህን ስል ውሎዋ ቢሮ ወይም ገበያ የሆነች ሴት ቀትር ላይ እቤት እንደሌለች አልረሳሁም። ማንም እንዲቀጣ አልፈልግም። የምሽቱ ዋጋ ባለበት ይቆይ፤ የቀትሩ ብቻ ይቀንስ። ቅዳሜና እሑድ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ቢሆንም እኮ ትልቅ ነው። ሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ያስፈልጋል፣ እሱ ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። የተቃጠለ ትራንስፎርመር መቀየርም ወጪ አለው። በአንድ ሰፈር ይሞከርና ይታይ።

ባለፈው ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን እናት አስረዳኋቸው። ማሰሻውን እንደያዙ በጸጥታ ሰሙኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ሁልጊዜ ምጣዱን ነቅለው በትራፊው ሙቀት ነው የሚያወጡት፤ ከኔ በፊት ገብቷቸዋል ማለት ነው። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ ታዲያ በስንት ሰዓት ነው የሚረክሰው?» አሉኝ። የምነግራቸው ሰዓት አልነበረኝም።