የረጋ ጡረታ ቅቤ ይወጣዋል

ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» እያሉ ማመላለስ የእኛ ቢሮዎች ጥበብ ብቻ የሚመስለን የፈረንሳይን ግምጃ ቤት ስላላወቅን ነው። እሱ የቅኝ ግዛት ወታደሮቹን ግማሽ ምዕተ ዓመት አመላልሷል፤ ያውም በሕግ አንቀጽ። ሹመት ያዳብር!

ለመውሰዱማ ቀጠሮ አልነበረም። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የ1919ኙ ድንጋጌ የምዕራብ አፍሪካን ወጣት በሰላሙም ጊዜ ለ3 ዓመት ውትድርና አስገደደ። ከ1926 ወዲህ ደግሞ ለጦሩ ያልተመረጠውም ባዶ እጁን አልቀረም፤ ጠመንጃ ባይደርሰው አካፋ ደረሰው፣ በ«ሁለተኛው ምድብ» ስም መንገድና ሐዲድ ሠራ።

ጥንቃቄው የመጣው መክፈል ላይ ነው። በ1944 ከጀርመን ምርኮ ለወጡት፣ የውዝፍ ደመወዛቸው ሩብ ፈረንሳይ፣ ቀሪው ዳካር ይከፈላል ተባለ። ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ካምፕ ገብተው «የታለ?» ቢሉ፣ ዲሴምበር 1 ማለዳ መልሱ በጥይት መጣ። ሠራዊቱ 35 ሞቱ አለ፤ ሒሳብ ማሳነስ የለመደ እጅ ነውና የታሪክ ሰዎች አላመኑትም።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የ1959 የፋይናንስ ሕግ አንቀጽ 71 ነው። የቅኝ ግዛቱን ወታደር ጡረታ አትሰርዘውም። ስሙን «ዓመታዊ አበል» ትለውና መጠኑን ባለበት ታረጋዋለህ። ኑሮ ይወደዳል፣ የፈረንሳዊው ጓዱ ይጨመርለታል፣ የእሱ ንቅንቅ አይልም። ፈረንሳዮቹ «ክሪስታሊዛሲዮን» ይሉታል፤ በእኛ አፍ ማርጋት ነው። ቅቤውም ወጣ፦ በ2000ዎቹ መባቻ መቶ በመቶ አካለ ጎዶሎ የሆነ ፈረንሳዊ ዘማች በወር 690 ዩሮ ሲቀበል፣ ሴኔጋላዊው 230፣ ካሜሩናዊው 104፣ ሞሮኳዊው 61 ይቀበል ነበር። እግር በየአገሩ ዋጋው ይለያያል ማለት ነው።

በ2001 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በሳጅን አማዱ ዲዮፕ መዝገብ «ይህ አድልዎ ነው» ሲል ፈረደ። ግምጃ ቤቱ ደነገጠ እንዴ? በ2002 «እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚል አዲስ ስሌት ይዞ መጣ። በ2007 የተዋጊነትና የጉዳት አበል እኩል ሆነ፤ የጉዳቱ ግን ለሚያመለክት ብቻ። ሽማግሌው ቅጽ ይሙላ እንጂ! የአገልግሎት ጡረታው እስከ 2011 ይታገሥ ተባለ።

ፈረንሳይ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ወደ 950 ዩሮ የሚጠጋውን የአረጋውያን ድጎማ ለማግኘት የዓመቱን ግማሽ እዚያው መቀመጥ ነበረባቸው። ግዴታው በ2023 ተነሣ። ኤፕሪል ላይ 9 አዛውንት ወደ ሴኔጋል ተሳፈሩ። ለ9 ሰው በጀት አይጠፋም።