«ማን ይቀማሃል?» አትበሉት

የአጎቴ ልጅ ሲበላ እንስቅበት ነበር። አንዱ ጉርሻ ሳይወርድ ሌላው ይከተላል። «ቀስ በል፣ ማን ይቀማሃል?» እንለዋለን። ከዚያ ትን ይለዋል። አንዱ ውሃ ያቀብላል፣ አንዱ ጀርባውን ይመታል፤ ሲለቀው ወደ ወሬያችን። ለአእምሮ ሕመሙ በየወሩ መርፌ ይወጋል። ትንታውን ከመርፌው ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም። እኔም አላገናኘሁም።

ይገናኛል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን፣ ሁሉም ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ይገታሉ። ሕመምተኛው የሚሰማው ድምፅ ጋብ የሚለው በዚሁ ነው። ግን ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ይመራል። ሲገታ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል። ይህንን ሁላችንም እናያለን። ምላስና ጉሮሮም እንደ እግሩ ሲያዘግሙ ግን አይታይም። መዋጥ ከ30 የሚበልጡ ጡንቻዎች ተራ ጠብቀው የሚሠሩት ሥራ ነው። አንዱ ከዘገየ ጉርሻው የአየር ቧንቧ ውስጥ ይገባል።

ለመንቀጥቀጡ ደግሞ አርቴን ይታዘዛል። አርቴን አፍ ያደርቃል። አንዱ መድኃኒት ጉሮሮን ያዘገያል፣ ሌላው ምራቅ ይወስዳል፤ እኛ ደግሞ ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እናቀርባለን። ክሎዛፒን የሚባለው ሌላው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በተቃራኒው ምራቅ ያበዛል፣ በተለይ ሌሊት። የማታ ኪኒኑን ውጦ ዓይኑ እየተከደነ ራት የሚበላውንም ጨምሩበት።

መድኃኒቱን በጀመረ በቀናት ውስጥ አንገቱ የሚጣመም፣ ምላሱ የሚከብደው፣ ዓይኑ ወደ ላይ የሚሰቀል ወጣትም አለ። ሰፈሩ «ጋኔኑ ተነሣበት» ይላል። የመድኃኒቱ ጣጣ ነው። አልፎ አልፎ የጉሮሮን ጡንቻ ይይዝና ትንፋሽ ያሳጣል። ድንገተኛ ክፍል ከደረሰ በአንድ መርፌ፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ይለቀዋል። ጠበሉ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።

ቅሬታዬ ከሐኪም ቤቱ ጋር ነው። በቀጠሮው ቀን «እንቅልፍ አለው? ድምፅ ይሰማዋል? መድኃኒቱን ይወስዳል?» ተባልን። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ይገባኛል። ግን «ሲበላ ትን ይለዋል?» ብሎ ለመጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ነገሩ አዲስ አይደለም። ክሎርፕሮማዚን ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ የእነዚህ መድኃኒቶች ማብራሪያ ወረቀት ስለ መዋጥ ችግር ያስጠነቅቃል። እኛ ጋ ኪኒኑ ተቆጥሮ በትንሽ ፖስታ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል።

ይህን አንብቦ መድኃኒት የሚያቋርጥ ካለ ግን ተጣላን። ሕመሙ ሲያገረሽ የሚመጣውን አይተናል። መፍትሔው ለሐኪሙ መንገር ነው። መጠኑ ሊቀነስ፣ ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። ሳል ከምግብ ጋር የሚመጣበት፣ ድምፁ ከበላ በኋላ እርጥብ እርጥብ የሚል፣ የሳንባ ምች የሚመላለስበት ሰው ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ትን ሲለው እየሳለ ከሆነ ይሳል፣ ተዉት። ውሃ አትስጡት። ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ጎንበስ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፣ ይበልጥ ይገፋዋል። ሌላው ሰው 907 ላይ ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ።

የአጎቴ ልጅ አሁን ራቱን የሚበላው ከማታ ኪኒኑ በፊት ነው፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ። እናቱ እንቁላሉን ከትፋ በወጥ ታርሰዋለች። መጠኑም ተቀንሶለታል። እኔም ሳጎርሰው አሳንሼ ነው፤ «ይቺ ጉርሻ ናት?» እያለ ይቆጣኛል።