ክርክር፦ ክላውድ ከቪኤም 370 ምን ጨመረ?

የክርክሩ መነሻ ሐሳብ፦ «የዛሬው ክላውድ በ1972 ከወጣው ቪኤም 370 የጨመረው መሠረታዊ ነገር የለም።» ክላውድ የሌላ ኩባንያን ኮምፒውተር በኢንተርኔት መከራየት ነው። ቪኤም 370 ደግሞ 370 የሚባለውን አንድ ትልቅ የአይቢኤም ኮምፒውተር (ሜይንፍሬም) ለብዙ ተጠቃሚዎች እንደ ብዙ ማሽኖች የሚያከፋፍል ሲስተም ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ የሠሩ ጡረተኛ ፕሮግራመር ናቸው። የምትቃወማቸው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የምትሠራ የክላውድ መሐንዲስ ናት። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራመሩ፦

መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቦታ ፕሮግራም ማለት በቀዳዳ የተጻፈበት የወረቀት ካርድ ጥቅል ነበር። ጥቅሉን በመስኮት አስረክባለሁ። ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ በወረቀት ታትሞ ይመጣል። አንድ ነጠላ ሰረዝ ከሳትኩ ቀኔ አለቀ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ራሱን መሞከር ከሆነማ ቅዳሜ ሌሊት መምጣት ነው። ማሽኑን ለብቻችን የምናገኘው ያኔ ብቻ ነበር።

በ1979 ቪኤም ወዳለበት መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ። 370 ሞዴል 158 ነበራቸው። አንድ ተርሚናል ሰጡኝ። ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ ቀጥዬ «አይፒኤል ሲኤምኤስ» አልኩ፤ ሲኤምኤስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስነሣ ማለት ነው። ሙሉ 370 ከፊቴ ተነሣ። የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ካርድ ማንበቢያ፣ የራሱ ፕሪንተር አለው። ካርድ ማንበቢያው በእውኑ የለም። ዲስኩም ከትልቅ ዲስክ ላይ የተቆረሱ ጥቂት ሲሊንደሮች፣ ማለትም የዲስክ ክፍልፋዮች፣ ናቸው። ፕሮግራሜ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲፒ የሚባለው ፕሮግራም ከሁሉም በታች ይቀመጣል። የእኔ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የማሽኑ አዛዥ እሱ ይመስለዋል። የሚሮጠው ግን እንደ ተራ ፕሮግራም ነው። ለአዛዥ ብቻ የተፈቀደ ትእዛዝ ሲሞክር ሃርድዌሩ ያቋርጠዋል። ሲፒ ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ እሱ ራሱ ያስፈጽምና ውጤቱን ይመልስለታል። ዛሬ ሃይፐርቫይዘር የምትሉት ይኸው ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአለቆች አልነበረም። አይቢኤም ተስፋውን የጣለው ቲኤስኤስ 360 በሚባል ሌላ ሲስተም ላይ ነበር። ያ እየዘገየ ሳለ፣ ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ውስጥ በሮበርት ክሪዚ የተመራ ትንሽ ቡድን በ1967 መጀመሪያ ሲፒ 40ን ሥራ አስጀመረ። ቀጥሎ ሲፒ 67 መጣ። በኦገስት 1972 ደግሞ ቪኤም 370 ይፋ ሆነ።

አንድ ቀን የራሴን ኮድ ስሞክር የኦፕሬቲንግ ሲስተሜን ዋና ክፍል ደመሰስኩት። ስክሪኑ ላይ «ሲፒ ኢንተርድ፣ ዲሴብልድ ዌይት ፒኤስደብልዩ» የሚል መስመር ወጣ። ማሽንህ ሞቷል ማለት ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ሥራዋን ትሠራለች። ከኋላዬ ያለውም እንደዚያው። የሞተው የእኔ ብቻ ነው። እንደገና አይፒኤል አልኩ፣ ተነሣ። ከካርድ መስኮት ለመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ማሽኑ የራሴ ነበር።

ክላውድ ይህንኑ ነው መልሶ የሸጠልን።

መሐንዲሷ፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ማሽኑ የራሴ ነበር» የሚለው ላይ ቆምኩ። የእርስዎ አልነበረም።

ቪኤም የተጠቃሚዎች ዳይሬክተሪ፣ ማለትም መዝገብ፣ ነበረው። በእሱ ላይ የሜሞሪዎን መጠን፣ የዲስክዎን ሲሊንደሮች፣ የሥልጣን ክላስዎን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ተራ ተጠቃሚ ክላስ ጂ ነበር። ክላስ ጂ የራሱን ጎጆ እንጂ ግቢውን አይነካም። ሁለት ሲሊንደር መጨመር ቢፈልጉ ለማን ነበር የሚያመለክቱት? ስንት ቀንስ ይጠብቁ ነበር?

ክላውድ የጨመረው እዚህ ጋ ነው። በ2006 አማዞን ማሽን በሰዓት ማከራየት ሲጀምር፣ ማንም የማያውቀው ሰው የባንክ ካርድ አስገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ማሽን አስነሣ። ሠራተኛ መሆን የለበትም፣ ዳይሬክተሪ የሚጽፍለት ሰው መለመን የለበትም። ፕሮግራም ራሱ ሌላ ማሽን ይወልዳል።

ቴክኒኩም ቢሆን ቅጂ ብቻ አይደለም። እርስዎ የገለጹት ትእዛዝን አቋርጦ የመያዝ ዘዴ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ አይሠራም ነበር። መቋረጥ ሲገባቸው ሳይቋረጡ የሚያልፉ 17 ትእዛዞች ነበሩበት። ቪኤምዌር የሚባለው ኩባንያ በ1999 ያንን ያለፈው ኮዱን እየሮጠ እያለ በመተርጎም ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሮጥ ማሽን፣ ሥራው ሳይቋረጥ፣ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ማዛወር ተቻለ። በ370 ላይ ይህ ነበር ወይ? መልስ እፈልጋለሁ።

ፕሮግራመሩ፦

ልጄ፣ «የራሴ» ስል በደመወዜ ገዛሁት ማለቴ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ቤት የተከራየ ሰው እንግዳውን «ቤቴ ግባ» ሲል ማንም ውሸታም አይለውም።

17ቱ ትእዛዞች የኢንቴል ጉድለት ናቸው። ጉድለትን መሻገር ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ሐሳብ መጨመር አይደለም። ማሽን በዚህ መንገድ እንዲከፋፈል ምን ማሟላት እንዳለበት ፖፔክና ጎልድበርግ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1974 ጽፈው አስቀምጠዋል። ኢንቴል በሃርድዌር ያስተካከለው በ2005 ነው። 31 ዓመት! እኛ ከዚያም አልፈን ነበር። የ370 አዲሱ ሃርድዌር ገና ሳይሠራ፣ ካምብሪጅ ያሉት ሰዎች በሲፒ 67 ውስጥ አስመስለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይሞክሩበት ነበር። ያልተወለደ ማሽን ላይ ነበር የሚሠሩት።

ደግሞም ሶርስ ኮዱ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ በእጃችን ነበር። ቪኤም ከነሶርሱ ነበር የሚመጣው። ስህተት ስናገኝ ገጹን ገልጠን እናያለን፣ እናስተካክላለን፣ ለሌሎች እንልካለን። ከ1976 ጀምሮ ቪኤምሼር በሚባል መድረክ ላይ ከሌላ ከተማ ያለ የማላውቀው ሰው ለጥያቄዬ መልስ ይጽፍልኝ ነበር። እናንተ የዛሬ ልጆች የምትነኩት ቁልፉን ብቻ ነው። ከስሩ ያለውን አታውቁትም።

መሐንዲሷ፦

ይህን የመጨረሻውን አልተቀበልኩም፣ ጋሼ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኬ ጮሆ ተነሥቻለሁ። አንድ ኮምፒውተር ሞቶ በላዩ የነበሩት ማሽኖች አብረው ወድቀው፣ አንድ በአንድ ሌላ ቦታ ሲነሡ ዐይኔን ሳልነቅል ጠብቄያለሁ። ከስሩ ያለውን ባላውቅ ኖሮ ያን ሌሊት አላልፈውም ነበር። ቁልፍ የሚጫን ሰው ብቻ አይደለሁም።

ወደ ቤትዎ ልመለስ። «ተከራይ ቤቴ ይላል» አሉ። እሺ። በቪኤም ላይ ኦፕሬተሩ «ፎርስ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። ስምዎን ጽፎ ከማሽንዎ ያስወጣዎታል፣ የጀመሩት ሁሉ ይጠፋል። ሲወጡ ደግሞ ሲፒ የሂሳብ ካርድ ያወጣ ነበር። ስንት ሴኮንድ ፕሮሰሰር ተጠቀሙ፣ ስንት ሰዓት ቆዩ፣ ስንት ገጽ ከዲስክ አስመጡ። በየሴኮንዱ የሚቆጠርበትና አንድ ቃል ተጽፎ የሚባረር ሰው ነው «ቤቴ» የሚለው?

ሶርሱንም ያነሡት እርስዎ ነዎት። በ1983 አይቢኤም ከእንግዲህ ሶርስ አንሰጥም ብሎ አስታወቀ። ባለቤቱ ማን እንደነበረ ያኔ ታየ። ማሽኑም ሶርሱም የተውሶ ነበር።

ሥራ ሳይቋረጥ ስለ ማዛወር የጠየቅኩት አልተመለሰም።

ፕሮግራመሩ፦

1983ን ለእኔ ማስታወስ አያስፈልግም ነበር። ያኔ እዚያው ነበርኩ። ደብዳቤውን የቡድን መሪያችን ቆሞ አነበበልን። ከመካከላችን ለብዙ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። የእኔ ማስተካከያዎች ቁጥራቸው ከአርባ ይበልጥ ነበር። እያንዳንዱን ለምን እንደጻፍኩት አውቃለሁ። ሶርሱ ከሌለ አዲሱ ስሪት ሲመጣ የምሰካበት ቦታ አይኖረኝም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየስብሰባው ደንበኞች ተነሥተው ተከራከሩ፣ እኔም ተነሥቼ ተናግሬያለሁ። ይህን እንደ መርቻ ካርድ መምዘዝሽ ከፋኝ።

ግን ራስሽ የት እንዳደረስሽን እይ። ሶርሱን የቀማን ሰው ጥፋተኛ ከሆነ፣ ሶርሱን ማየት መብት ነው ማለት ነው። እንግዲህ ልጠይቅሽ። ያ ኮምፒውተር በሞተበት ሌሊት፣ ከማሽኖቹ ስር የነበረውን የሃይፐርቫይዘር ኮድ ገልጠሽ አይተሻል? ዜን ወይም ኬቪኤም የሚባሉት ሃይፐርቫይዘሮች ሶርሳቸው ክፍት ነው እንዳትይኝ። እሱን አውቃለሁ። የጠየቅኩሽ ያን ሌሊት ሲሮጥ የነበረውን ራሱን ነው።

እኔ የእኔን አይቻለሁ። ዲኤምኬፒአርቪ የሚባለውን የሲፒ ክፍል ከራስጌዬ አልለየውም ነበር። ከአዛዥ ትእዛዞች አንዱን ስጽፍ ሲፒ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚቀበለኝ በቁጥር እነግርሽ ነበር። ክላስ ጂ ሆኜ ነው ይህን የማውቀው።

መሐንዲሷ፦

አላየሁም። ላየውም አልችልም። ኩባንያው የሚያስኬደው የራሱን ስሪት ነው፣ በእኔ ደረጃ ያለ ሰው አይከፈትለትም። ያን ሌሊት ለምን እንደሞተ እስከ ዛሬ የማውቀው የተጻፈልኝን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ይህ እኔንም ያናድደኛል።

ነገር ግን ማየት መቻል ብቻውን እናንተን አላዳናችሁም። በዲሴምበር 1987 ከጀርመን፣ ከክላውስታል፣ የገና ዛፍ የሚሥል አንድ ትንሽ ፋይል ተነሣ። ሬክስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ሶርሱ ምንም ሳይደበቅ ይታያል። ዛፉን እየሣለ፣ የአድራሻ ፋይላችሁን ከፍቶ ለምታውቁት ሰው ሁሉ ራሱን ይልካል። ቢትኔትንና ኧርንን፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን መረቦች፣ አጥለቀለቀ፣ የአይቢኤምን የውስጥ መረብ ሳይቀር አጨናነቀ። እያንዳንዱ ሰው ከመክፈቱ በፊት ማንበብ ይችል ነበር። ያላነበቡት እኮ ያ ሁሉ ሶርስ በእጃቸው የነበረ የቪኤም ሰዎች ናቸው።

ፕሮግራመሩ፦

አዎ፣ ሰዎች ሳያነቡ አስነሡት። ያነበቡት ግን በዚያው ቀን ምን እንደሚሠራ ተረዱ፣ ማቆሚያውንም የጻፉት እነሱ ናቸው። የተዘጋ ቢሆን ማን ያቆመው ነበር?

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። የቪኤም 370 ስድስተኛው ስሪት ከነሶርሱ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። ሄርኩለስ በሚባል ማስመሰያ ላይ ይሮጣል። እኔ ላፕቶፔ ላይ አለኝ። ባለፈው ክረምት አስነሥቼው የዚያን ቀኑን ስህተት ሆን ብዬ ደገምኩት። ያ መስመር፣ በዚያው ቃል፣ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየሁት። ከዚያ ዲኤምኬፒአርቪን ከፍቼ፣ ዐይኔ እንደ ድሮው ባይሆንም፣ መስመሩን ፈልጌ አገኘሁት። ከፈለግሽ ፋይሉን እልክልሻለሁ። ዳይሬክተሪውን የምጽፈው አሁን እኔ ነኝ።

መሐንዲሷ፦

ይላኩልኝ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ አነበዋለሁ። መስመሩንም ይንገሩኝ፣ ከዚያ ልጀምር። ላፕቶፑ የራስዎ መሆኑ ግን ያን 370 የእርስዎ አያደርገውም። ስለ ማዛወሩም አሁንም እየጠበቅኩ ነው።