በሩ ላይ ያሉት አስካሪ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ከገባሁ አምስት ዓመት አለፈኝ። የምኖርበት ሕንጻ በር ላይ የሚጠብቁ አንድ የካምባ ሽማግሌ አሉ። ሥራቸውን ሰው ሁሉ «አስካሪ» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ ይጎረብጠኝ ነበር። እኛ ዘንድ አስካሪ ለጣሊያን ያደረ ወታደር ነዋ! እዚህ ግን ወታደሩም፣ ፖሊሱም፣ ዘበኛውም አስካሪ ነው።

ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው። እንግሊዞች በ1902 (እ.ኤ.አ.) ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለውን ጦር ሲያቋቁሙ መኮንኑ ነጭ፣ ተራው ወታደር አስካሪ ሆነ። ምልመላውም ተንኮል ነበረው። «ለውጊያ የተፈጠሩ» ያሏቸውን ነገዶች ለዩ፤ ካምባዎች በብዛት ገቡ። መሬታቸውን የተቀሙትን ኪኩዩዎች ግን ብዙም አላስጠጓቸውም።

ፖሊሱ ደግሞ ይብሳል። የለንደኑ ፖሊስ ዱላ ብቻ ይዞ ሲዞር፣ የቅኝ ግዛቱ ጠመንጃ ታጥቆ ካምፕ ያድራል። አንዱ ሥራው ኪፓንዴ ማየት ነበር። ኪፓንዴ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ይዞት የሚዞር ወረቀት ነው። አሻራው፣ አሠሪውና ደመወዙ ተጽፎበታል። አሠሪው ካልፈረመ ሌላ ሥራ የለም። በቆርቆሮ ማኅደር ተከቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እኛ ክታብ የምናስርበት አንገት ላይ! በማርች 1922 ይህንና ግብሩን የተቃወመው ሃሪ ቱኩ ሲታሰር ሕዝቡ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ወጣ፤ ተተኮሰበት። በመንግሥት ቆጠራ ብቻ 21 ሰው ሞተ። የተኮሱት አስካሪዎች የአገሩ ልጆች ነበሩ።

ዛሬም ኢስሊ የገባ ሐበሻ ቶሎ የሚለምዳት ስዋሂሊ «ኪታምቡሊሾ» ናት። መታወቂያ ማለት ነው።

እኛ «አልተገዛንም» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። እኔም እነፋለሁ። ግን «ዘበኛ» የሚለውን ቃላችንን እዩት። የአራዳ ዘበኛ ከተማ ይጠብቅ ነበር፤ ክብር ዘበኛ የንጉሡ ጦር ነበር። ዛሬ ዘበኛ ሲሉት የሚቀየም አለ፣ «ጥበቃ በሉኝ» ይላል። የእኛው ከቤተ መንግሥት ወደ ቆርቆሮ አጥር ወረደ፣ የነሱም ከጦር ሰፈር ወደ ኪራይ ቤት በር። የአገር ልጅ ስለሆነም ቆመጡ አያምም ማለት አይደለም፤ የቀመሰ ያውቃል።

አንድ ማታ ሽማግሌው «ከየት ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ጎንደርን ታውቀዋለህ? አባቴ እዚያ ተዋግቷል። ብርዱን አውርቶ አይጠግብም ነበር።»

ደነገጥኩ። በ1941 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጅ ሲሰጥ፣ ከአርበኞቻችን ሌላ እነዚህ አስካሪዎችም ነበሩበት። ያ የሚጎረብጠኝ ቃል!

«አባትዎ ጡረታ አገኙ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከኋላዬ አንድ መኪና ጡሩምባውን አስጮኸ። ሰላምታ ሰጡትና በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።