“ይሄ እኮ የኖኪያው እባብ ነው”

ባለፈው አመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የ48 ሰአት የጌም ፕሮቶታይፕ (የመጀመሪያ የሙከራ ስራ) ውድድር ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ገብቼ ነበር። የተሰጠን ርእስ የድሮ ጌም ውሰዱና እንደገና አስቡት የሚል ነው፣ እኛም ብዙ ሳንከራከር የድሮው ኖኪያ ስልክ ላይ የነበረውን የእባብ ጌም መረጥን፣ ምክንያቱም ሶስታችንም በህይወታችን መጀመሪያ የተጫወትነው ጌም እሱ ነው፣ አንዱ በአባቱ ስልክ፣ አንዷ በአክስቷ፣ እኔ ደግሞ ጎረቤታችን ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ እኛ ቤት ሲተዉት ተደብቄ። ሁለት ሌሊት ሰርተን እሁድ ከሰአት ስናቀርብ ከዳኞቹ አንዱ ስክሪኑን ትንሽ አየት አረገና “ይሄ እኮ የኖኪያው እባብ ነው፣ አዲስ ነገሩ የቱ ጋ ነው?” ብሎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ጌሙን በእጁ እንኳን አልነካውም።

ሽልማቱ አላስቆጨኝም፣ ያሸነፉት ልጆች የሰሩትን ተጫውቼዋለሁ፣ ይገባቸዋል። ያቺ ንግግር ግን እስካሁን አልወጣችልኝም፣ ከዛ ወዲህም በየቦታው ሰምቻታለሁ። አንድ ልጅ ፓክማንን፣ ያንን ነጥብ እየበላህ ከመናፍስት የምትሸሽበትን ጌም፣ ቀይሮ ሲያመጣ ኮፒ ነው ይባላል፣ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች የምትደረድርበትን ቴትሪስን ገልብጦ ሲያመጣ ኮፒ ነው ይባላል፣ መቼም ተሰርቶ የማያልቅ ትልቅ የጦርነት ጌም ትሬይለር (ማስታወቂያ ቪዲዮ) ብቻ ይዞ ለመጣ ግን ይጨበጨብለታል። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ጌም ዴቨሎፐር የድሮ ጌም ወስዶ አንዲት ህግ መቀየርን የሚያህል ትምህርት ያለ አይመስለኝም፣ ውድድሮቻችንም ይሄን ስራ ሊያከብሩት ይገባል ባይ ነኝ።

እኛ የቀየርነው አንድ ህግ ነው። በኖኪያው እባቡ በበላ ቁጥር ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይ የሚገድልህም የራስህ ርዝመት ነው። የኛ እባብ አይረዝምም፣ ሲበላ ቆዳውን ይጥላል፣ የጣለው ቆዳ እዛው ሜዳው ላይ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። በቃ ይሄው ነው። ግን ይቺ ስትቀየር ጨዋታው በሙሉ ይለወጣል፣ ምክንያቱም አሁን ምግቡ ጋ መድረስህ ብቻ አይበቃም፣ በምን አይነት አቋም ሆነህ እንደምትበላውም ማሰብ አለብህ፣ ተጠምዝዘህ ከበላህ የተጠማዘዘ ግድግዳ ትተህ ነው የምትሄደው፣ ቀጥ ብለህ ከበላህ ቀጥ ያለ፣ እና ከአስር ምግብ በኋላ የምትሄድበት መንገድ በሙሉ ቅድም አንተ ራስህ ያደረከው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ቆዳው ለዘላለም እንዲቀር ነበር የሰራነው፣ ሜዳው 16 በ16 ካሬ ስለሆነ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋና አለቀ። ከዛ ሶስት ምግብ ሲበላ የድሮው ቆዳ እንዲጠፋ አረግነው፣ በጣም ቀለለ፣ ሰው እያወራ መጫወት ቻለ። አምስት አረግነው፣ አሁንም ልክ አልመጣም። ከሌሊቱ 8 ሰአት አካባቢ መብራት ሄዶ የላፕቶፑን ብርሃን ቀንሰን በባትሪ እየሰራን ሰባት ምግብ ላይ ስናደርሰው ጓደኛዬ መጫወት ጀመረች፣ ዝም አለች፣ ራሷን ጥግ ላይ አጥራ ሞተች፣ ትንሽ ቆየችና “ቆይ አንዴ ልድገመው” አለች። ጌም የሰራ ሰው ያቺን “አንዴ ልድገመው” ያውቃታል። ስክሪኑ ላይ የነበረው ግራጫ ካሬና አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ ነው፣ ድምጽ የለው፣ ስእል የለው።

አሁን ወደ “ኮፒ” ልመለስ። የኖኪያው እባብ ራሱ ከየት መጣ? ታኔሊ አርማንቶ የሚባል የኖኪያ ኢንጂነር ነው በ1997 (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለኖኪያ 6110 የሰራው፣ ሀሳቡ ግን ከሱ በፊት ነበር፣ 21 አመት ቀደም ብሎ በ1976 ግሬምሊን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ብሎኬድ የሚል የአርኬድ ማሽን (መዝናኛ ቤት ውስጥ ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት) አውጥቷል፣ ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ከኋላቸው ግድግዳ እየተዉ ነው፣ ግድግዳ የመታ ይሸነፋል። እኛ ይሄን ያወቅነው ከውድድሩ በኋላ ነው፣ እና በጣም ነው ደስ ያለን፣ ምክንያቱም ግድግዳ እየተዉ መሄድ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው እዛ ውስጥ ነበረ፣ በመሀል እየረዘመ ወደሚሄድ ጭራነት ተቀየረ፣ እኛ ደግሞ በሌላ በር ገብተን አገኘነው። ዳኛው እንደ ኦሪጅናል የቆጠረው ጌም ራሱ ተወስዶ የተቀየረ ነው ማለት ነው።

ይሄ ደግሞ የእባቡ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1972 አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ፖንግን አወጣ፣ ሁለት ሰው ኳስ ይቀባበላል። በ1976 እዛው አታሪ አንዱን ተጫዋች አውጥቶ በቦታው የጡብ ግድግዳ አስቀመጠና ብሬክአውት ተወለደ። በ1978 ጃፓን ውስጥ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ብሬክአውትን አይቶ ጡቦቹ ቢንቀሳቀሱና መልሰው ቢተኩሱስ በሚል መንገድ ስፔስ ኢንቬደርስን ሰራ። ቴትሪስም ቢሆን አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ላይ ሲሰራው መነሻው ፔንቶሚኖ የሚባል የቅርጽ ማገጣጠሚያ ጨዋታ ነው፣ እዛ ላይ እያንዳንዱ ቅርጽ ከአምስት ካሬ ይሰራል፣ 12 ቅርጽ ይሆናል፣ እሱ ወደ አራት ካሬ አወረደውና 7 ቅርጽ ሆነ፣ ኮምፒውተሩም ግራፊክስ ስለሌለው ካሬዎቹን በቅንፍ ምልክት ነበር የሚስላቸው። አምስትን አራት ማድረግ! ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ይሄ እኮ ፔንቶሚኖ ነው ብሎት ቢያልፍስ?

ለኛ ሰው ደግሞ ይሄ ጭራሽ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ገበጣ አለን እኮ። ጉድጓድና ጠጠር ነው፣ ግን ስንት ረድፍ ነው፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር ነው የሚጀመረው፣ መቼ ነው የሚበላው የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት ብዙ አይነቱን ከየአካባቢው ሰብስበው መዝግበውታል። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ጋር ተቀምጦ የተጫወተ ያውቀዋል፣ ከመጀመራችሁ በፊት “በናንተ እንዴት ነው?” መባባል አለ። የጎረቤቱን ገበጣ ኮፒ ነው ያለ ሽማግሌ አልሰማሁም።

ሌላው የምወደው ነገር የድሮ ጌም እንደገና ስትሰራ ብቻ የሚታይህ ነገር መኖሩ ነው። ፓክማንን ልጅ ሆኜ ስጫወት አራቱም መናፍስት ዝም ብለው የሚያባርሩኝ ነበር የሚመስለኝ። ከባዶ ልሰራው ስሞክር ነው ነገሩ የገባኝ፣ አራቱንም እንዲያባርሩኝ አድርጌ ኮድ ስጽፍ ተደርድረው እንደ ባቡር ከኋላዬ መከተል ጀመሩ፣ ጨዋታው ሞተ። ከዛ ዞር ብዬ ኦሪጅናሉ እንዴት እንደሚሰራ ሳይ፣ ቀዩ ብሊንኪ ብቻ ነው ቀጥታ አንተ ያለህበት ካሬ ላይ የሚያነጣጥረው። ሮዟ ፒንኪ ከፊትህ አራት ካሬ ቀድማ ያለውን ቦታ ነው የምትይዘው፣ ኢንኪ ያንተንም የብሊንኪንም ቦታ አይቶ ነው የሚያሰላው፣ ክላይድ ደግሞ ከሩቅ ይመጣብህና ስምንት ካሬ ያህል ሲቀርብህ ትቶህ ወደ ጥጉ ይመለሳል። አራት አጭር አጭር ህግ ነው፣ አራት ጸባይ ሆኖ የሚታይህ። ቶሩ ኢዋታኒና ቡድኑ ይሄን በ1980 ነው የሰሩት። ይሄን አንብቤው ቢሆን በሳምንቱ እረሳው ነበር፣ የባቡሩን ሰልፍ በራሴ ስክሪን ስላየሁት ግን መቼም አይጠፋኝም።

ውጪ ሀገር ይሄ ስራ የራሱ መድረክ ካገኘ ቆይቷል። ሉደም ዴር የሚባል የኢንተርኔት የጌም ስራ ውድድር ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ኮምፖ የሚባለው ክፍሉ ላይ አንድ ሰው ብቻውን በ48 ሰአት ውስጥ ስእሉንም ድምጹንም ኮዱንም ይሰራል፣ ዳኞቹ ደግሞ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ይጫወታል፣ ፈጠራው ለብቻ ግራፊክሱ ለብቻ ነጥብ ይሰጠዋል። በ2008 ቲግሶርስ የሚባል የጌም ሰሪዎች ድረገጽ ዘመናዊ ጌሞችን ወደ ኋላ ወስዳችሁ በድሮ ማሽን አቅም ስሯቸው የሚል ውድድር አዘጋጅቶ ነበር፣ ጃስፐር በርን የሚባል ሰው ሳይለንት ሂል 2 የሚባለውን አስፈሪ ጌም በድሮ የኒንቴንዶ ማሽን ስታይል አውርዶ ሰራው። ያ ሰውዬ በ2012 ሎን ሰርቫይቨር የሚል የራሱን ጌም አወጣ፣ የተጫወተው ሰው ያ የድሮ ልምምድ የት እንደገባ ያየዋል።

ከሁሉም ግን ለክርክሬ የሚቀርበኝ ባባ ኢዝ ዩ (“ባባ አንተ ነህ”) የሚባለው ጌም ነው። ሶኮባን የሚባል የጃፓን ጌም አለ፣ ከ80ዎቹ መጀመሪያ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን እየገፋህ ቦታው ታደርሳለህ። ስንት ሰው ሰርቶታል፣ ተሰልችቷል። አርቪ ቴይካሪ የሚባል ፊንላንዳዊ በ2017 ኖርዲክ ጌም ጃም የሚባል አጭር የጌም ስራ ውድድር ላይ የሚገፉትን ሳጥኖች ቃላት አደረጋቸው፣ ቃላቶቹ ሲደረደሩ የጨዋታው ህግ ይሆናሉ። ግድግዳው የሚያግድህ “ግድግዳ ማገጃ ነው” የሚል አረፍተ ነገር ሜዳው ላይ ስለተደረደረ ነው፣ አንዷን ቃል ገፍተህ ካወጣሃት በግድግዳው ውስጥ ታልፋለህ። ውድድሩን አሸነፈ፣ በ2019 ሙሉ ጌም ሆኖ ወጣ። እስቲ ያንን ፕሮቶታይፕ ጠረጴዛ ላይ በሶስት ሰከንድ እዩት፣ ሳጥን የሚገፋ ባባ የሚባል ነጭ ነገር ነው። ሶኮባን ነው ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው።

እርግጥ ኮፒ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ዚዮ የሚባል ድርጅት ለአይፎን ሚኖ የሚል ጌም አውጥቶ በቴትሪስ ባለቤቶች ተከሶ በ2012 ኒውጀርሲ ፍርድ ቤት ላይ ተሸንፏል። ፍርድ ቤቱ የጨዋታን ህግ የግልህ ማድረግ አትችልም አለ፣ ግን የቅርጾቹ መልክ፣ የሜዳው ስፋት 10 በ20 መሆኑ፣ የሚታየው ነገር በሙሉ እንዳለ ተገልብጧል ብሎ ፈረደ። ለኔ ጥሩ መስመር ነው። መልኩን ወስደህ ህጉን ካልነካኸው ገልብጠሃል፣ ህጉን ነክተህ ጨዋታው ሌላ ከሆነ ሰርተሃል። ዳኛ ይሄን ለመለየት ደግሞ መጫወት አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ስለዚህ አዘጋጆችን የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ተወዳዳሪው የቀየረውን ህግ በአንድ መስመር ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፣ ዳኛው አንብቦ ቢያንስ አምስት ደቂቃ በእጁ ይጫወት፣ ግራፊክሱ የራሱ ነጥብ ይኑረው ግን ፈጠራውን አይብላው። አሁን ባለው አሰራር ከኢንተርኔት የተገዛ የተዘጋጀ ስእል የሚያስገባ ቡድን ሁልጊዜ አይን ይስባል፣ የድሮ ላፕቶፕና በካርድ የሚሞላ ዳታ ያለው ልጅ ግን ያንን ሁሉ ጊጋባይት ከየት አምጥቶ ነው ዳውንሎድ የሚያረገው? ከ2012 ጀምሮ በየአመቱ የሚደረግ ጄኤስ13ኬ የሚባል ውድድር አለ፣ ጌሙ በሙሉ ተጨምቆ 13 ኪሎባይት ውስጥ መግባት አለበት፣ በስልክ ከሚላክ አንድ ፎቶ በጣም ያነሰ ማለት ነው። እንደዚህ አይነት ገደብ ለኛ ልጆች ምን ያህል በር እንደሚከፍት አስቡት፣ ሁሉም ሰው በእኩል ግራጫ ካሬ ይቀርባል፣ የሚለየው ሀሳቡ ብቻ ነው።

እኛ ለሚቀጥለው ውድድር የባባን ሀሳብ ይዘን አማርኛ ላይ እየሞከርነው ነው፣ ለጊዜው በካርቶን ቆርጠን፣ በባለ ካሬ ደብተር ላይ። በእንግሊዝኛው “ነው” የምትለዋ ቃል መሀል ስለሆነች አንዱ አረፍተ ነገር ወደ ጎን ሌላው ወደ ታች ሆነው እሷን ተጋርተው መስቀል ይሰራሉ። በአማርኛ መጨረሻ ላይ ነች፣ ስለዚህ ሁለቱ አረፍተ ነገሮች የሚገናኙት ማእዘን ላይ ነው፣ የሜዳው አሰራር በሙሉ ይቀየራል። ደግሞ እንግሊዝኛው አንድ ቃል ለሁሉም ይበቃዋል፣ እኛ ጋ “ግድግዳ ማገጃ ነው” ግን “ባባ አንተ ነህ”፣ በነህ ቦታ ነው ከገባ አረፍተ ነገሩ ይፈርስና ባባን ማንቀሳቀስ ያቅትሃል፣ እና ሜዳው ላይ ያለችው አንዷ ነህ ከወርቅ በላይ ትሆናለች። ጓደኛዬ ደግሞ “አንቺ ነሽ” ካለ ሁለተኛ ተጫዋች ይገባል አለች፣ አንዱ በአንተ አንዷ በአንቺ፣ ሁለቱም ያንኑ ቃላት እየተሻሙ። ሶስተኛው ሌቭል ላይ ነሽን የት እንደምናስቀምጣት ገና አልተስማማንም።