ሳይፈታ የሚገመት መኪና

ሰሞኑን አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ኃላፊ ሬዲዮ ላይ ቀርበው ነበር። የተጋጨ መኪና ጥገና ለምን ወራት እንደሚፈጅ ሲጠየቁ ጥፋቱን ጋራዦች ላይ ጣሉ። አልፈው ተርፈውም ደንበኛው ትዕግሥት የለውም አሉ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው።

መኪናው የእንጀራ ገመዱ የሆነ ሰው ስንት ወር ይታገሥ? ጋራዥ በቆመ ቁጥር የሹፌሩ የቀን ገቢ ይቀራል። የባንክ ዕዳው ግን አይቆምም። የቀረበትን ገቢ ደግሞ ኢንሹራንሱ አይከፍለውም። የኢንሹራንስ ክፍያውን፣ ፕሪሚየሙን፣ ሳያድስ አንድ ቀን ቢያልፈው ሽፋን የለህም የሚሉት ሰዎች ናቸው ዛሬ ስለ ትዕግሥት የሚያስተምሩት!

ጋራዦች ንጹሕ ናቸው አልልም። ቀጠሮ የሚያጥፉ ሞልተዋል። ግን መዘግየቱ የሚወለደው መዶሻ ከመነሳቱ በፊት፣ ጉዳቱ ሲገመት ነው።

የደረሰበት ያውቀዋል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ፎርም ትሞላለህ፣ ኢንጂነር ትጠብቃለህ። ኢንጂነሩ መጥቶ መኪናውን ይዞራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ “ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የግራ መብራት” ብሎ ይጽፋል። በሽተኛን በር ላይ አይቶ መድኃኒት ማዘዝ በሉት። ከዚያ ጋራዦች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ያስገባሉ፤ ትንሽ ዋጋ የጻፈው ያሸንፋል።

ጋራዡ ፓራውልቱን ሲያወርድ ጉድ ይወጣል። ራዲያተሩ የተቀመጠበት ብረት ታጥፏል። የኤሲው ኮንደንሰር ተቀዷል። ወረቀቱ ላይ አንዱም የለም። ሥራው ይቆማል። ጋራዡ “ተጨማሪ ጉዳት ተገኝቷል” ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ኢንጂነሩ እንደገና ይቀጠራል፣ የዕቃ ዋጋ እንደገና ይሰበሰባል፣ ፊርማ ይጠበቃል። መኪናው ኮፈኑ ወልቆ ዝናብ ይወርድበታል። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመው ዋና ብረት፣ መጣመሙ ደግሞ አንዳንዴ የሚታወቀው ኮፈኑ ከፓራፋንጎው ጋር አልገጥም ሲል ነው። ያኔ ሌላ ዙር ይጀመራል። ጨረታውን በርካሽ ያሸነፈው ጋራዥም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያጎደለውን በተጨማሪው ሊሞላ ነው የገባው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይፈታ። ኢንጂነሩ የተፈታውን መኪና ይይ። ሻንሲው ይለካ፣ በኮምፒውተር ይመርመር፣ አንድ ዝርዝር ተጽፎ አንዴ ይጽደቅ። ጨረታውን ያላሸነፈ ጋራዥ ለምን ይፈታል? የመፍቻ ዋጋ ይከፈለዋ! ከዚያም የተሻለ አለ። ኩባንያው ከታመኑ ጋራዦች ጋር የእጅ ዋጋ ቀድሞ ይዋዋል። ለእያንዳንዱ ፓራውልት ጨረታ ማውጣት ምን የሚሉት ሥራ ነው?

“ማጭበርበር ይበዛል” የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። የተፈታ መኪና አይዋሽም። የቆየ ጉዳት ዝገቱ ይናገራል፣ ጎድጓዳው የተሞላበት የድሮ ስቱኮ ይታያል። ለማጭበርበር የሚመቸው ከውጭ ብቻ የታየ መኪና ነው።

ዶላሩስ? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ዕቃ መወደዱ እውነት ነው። ታዲያ ይሄ ለመፍጠን ነው ወይስ ለመዘግየት ምክንያት የሚሆነው? የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ዛሬ የተሰጠ ፕሮፎርማ ፊርማው እስኪመጣ ዋጋው ያልፍበታል። ልዩነቱን ክፈል የሚባለው ደግሞ ያው ደንበኛው ነው።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪናም በዝቷል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ላይ በየቀኑ እናያቸዋለን። የአብዛኞቹ ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው። ከሥር የተመታን ባትሪ በዓይን ገምቶ “ደህና ነው” ብሎ መፈረም በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ለዚህም የሚመጣው ያው ኢንጂነር፣ ያው ስልኩን ይዞ ነው።

ብሔራዊ ባንክ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ነው። አደጋው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ጥገናው እስኪጸድቅ፣ ከዚያም መኪናው ለባለቤቱ እስኪመለስ ስንት ቀን እንደፈጀ እያንዳንዱን ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ ያስጽፍ። ቁጥሩን በየኩባንያው ስም ያውጣው። ደንበኛው ፕሪሚየሙን ከመክፈሉ በፊት ይየው።